ከሰውነታችሁ ከሁሉ የሚደንቃችሁ የቱ ነው? እኔ ላብ ብያለሁ

ሰኔ ነበር። ድሬ ላይ ሰኔ ምን እንደሚመስል ለድሬ ልጅ አይነገርም። ከዚራ ሰፈር ባለችው ሱቄ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። አክስቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። ድርያ፣ ያን ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ ለብሳለች። ከፔርሙሱ የቀዳችው ሻይ ይጨሳል። ፉት ትላለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ፉት ትላለች። አንገቷ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ እሷ ግን ጉዳይዋም አይደለም። እኔ ደግሞ በረዶ የመሰለ ሃይላንድ ጨርሼ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ በየደቂቃው ፊቴን እየጠረግሁ እነዳለሁ። በዚህ ግለት ለምን ትኩስ እንደምትጠጣ ስጠይቃት እንደሚያቀዘቅዛት ነገረችኝ። ሳቅሁባት።

ማታ ግቢ ባወጣሁት አልጋ ላይ ተጋድሜ እዚህ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ስለ ልብና ስለ አንጎል ያወራል፤ ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እንደሚመታ ያልሰማ የለም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀው ላብ ነው ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ የዚያን ቀን ያሸነፈኝ ነገር እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጣልኩ። እናንተን የሚደንቃችሁ የቱ ነው? የአክስቴስ ሻይ እውነት ያቀዘቅዛል ወይስ ወሬ ነው? ጠዋት ስነሳ ክሩ ረዝሞ ጠበቀኝ። አሁን 34 መልስ ደርሷል። ሁሉን ማንበብ ለሰለቸው በራሴ አፍ ላጫውታችሁ።

1ኛው ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ነው። ቤተሰቤን፣ ሥራዬን፣ ጤናዬን ከጠየቀ በኋላ ጉበትን መረጠ። ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ የቀረው አድጎ ወደ ልኩ እንደሚመለስ ጻፈ፤ ይህ እውነት ነው። 2ኛዋ አጥንት አለች። ሕፃን ወደ 300 ገደማ አጥንት ይዞ ተወልዶ፣ እየተገጣጠሙለት አድጎ በ206 እንደሚቀር ስታስብ ይገርማታል። 3ኛው ጨጓራ ስጋ የሚፈጭ አሲድ ይዞ ራሱን አለመፍጨቱ ነው የገረመው። 4ኛው በርጫ ላይ ሆኖ የጻፈ መሆኑ ከርዝመቱ ያስታውቃል። ምላስ እንደሚደንቀው ጀምሮ፣ በምርቃና ሰዓት ለምን እንደማትደክም ጠይቆ፣ መሀል ላይ ስለ አወዳይ ጫት ዋጋ መናደድ ገባ። አልፈዋለሁ።

ክሩ የተቃናው 5ኛዋ ላይ ነው። እዚሁ ድሬ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሲስተር እያለ ነው የሚጠራት። ቆዳችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ላብ አመንጪ ዕጢዎች እንዳሉ ጻፈች። ቀጥሎ ያለችው ነገር ግን እኔን በቀጥታ የሚመለከት ነበር። ላብ በመፍሰሱ አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። ውሃ ተንኖ ለመሄድ ሙቀት ያስፈልገዋል፣ ያንን ሙቀት የሚወስደው ከቆዳችን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ቢተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ይሄዳል። ይህ በ20 ዲግሪ ያለ 7 ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ጠብ ብሎ መሬት የወደቀው ላብ ግን ምንም ሳይሠራ የባከነ ውሃ ነው። በፎጣ የተጠረገውም እንደዚያው። ስለዚህ እኔ ያን ቀን ሰውነቴ የላከልኝን ማቀዝቀዣ በየደቂቃው ጠርጌ ፎጣዬ ላይ ስጥል ነበር ማለት ነው። አክስቴ አንገቷን አልነካችውም።

6ኛው አላመነም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጅቡቲ ሄዶ ላብ ብቻ ሆኖ የዋለ ቀን ለምን እንዳልቀዘቀዘው በቁጣ ጠየቀ።

መልሱን የሰጡት 7ኛው ናቸው። ጋሼ እንበላቸው፤ 30 ዓመት በጭነት መኪና ከድሬ በደወሌ ጅቡቲ የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። አጻጻፋቸው ቀጥ ያለ ነው። አማርኛ ሙቀትና ወበቅ ብሎ ሁለት ቃል የያዘው በከንቱ እንዳልሆነ ነው የጀመሩት። ድሬ ሙቀት ነው። ሸሚዝህ ቢርስ ከመገላ ከዚራ ሳትደርስ ይደርቃል። ጅቡቲ ግን ወበቅ ነው። ላቡ ከክርንህ ጠብ ጠብ እያለ ይውላል፣ ሸሚዙ አይደርቅም፣ አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧልና ያንተን ላብ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

ከዚያ ስለ ጄሪካናቸው ተረኩ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። አሥር ሊትር ጄሪካን በጆንያ ይጠቀልላሉ። ጆንያውን እንዳይወልቅ ረዳታቸው በወፍራም መርፌ ዙሪያውን ይሰፋዋል። ሲነሱ ውሃ ይቸልሱበትና ከስፖኪዮው ብረት ላይ በገመድ ያንጠለጥሉታል። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ሻይ ለማፍላት ጥቂት ሲቀረው፣ ውጭ ነፋስ የሚመታው ያ ጄሪካን ጥርስ የሚያም ውሃ ይሰጣል። ጆንያው ሲደርቅ ረዳቱ ወርዶ ደግሞ ያረጥበዋል። ጅቡቲ ሲደርሱ ግን ያው ጄሪካን፣ ያው ጆንያ፣ ምንም አይሠራም። ጆንያው እንደረጠበ ይውላል፣ ውሃው እንደሞቀ። እሳቸው የላብን ነገር ከሐኪም ሳይሆን ከጆንያ እንደተማሩ ጽፈው ጨረሱ። 6ኛው ተመልሶ ይቅርታ ባይጠይቅም የመውደድ ምልክት አድርጎላቸዋል።

8ኛዋ የሐረር ልጅ ናት። ስለ ላብ ማውራት ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም፤ ጁገል ውስጥ ማታ ሹራብ ይለበሳል። 9ኛውና 10ኛው የድሬ ልጆች ተነሱባት። ሹራቧን ለብሳ እዚያው ትቀመጥ፣ ለዕቃ ሲሆን ግን ደንገጎን ቁልቁል ማን እንደሚሮጥ ይታወቃል አሏት። ቀልድ ነው፣ አቦ፣ ሐረርና ድሬ ያለዚህ አያድሩም። ከፍታው ግን ቁም ነገር ነው። ሐረር ከ1,880 ሜትር በላይ ነች፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል 4 ወይም 5 ዲግሪ ልዩነት አለ። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ የሚኒባሱ መስኮት አንድ በአንድ የሚዘጋው ለዚህ ነው።

11ኛው ከሰውነት ሙቀት አብዛኛው በራስ ቅል በኩል እንደሚወጣ፣ ስለዚህ ፀጉር መላጨት መፍትሔ እንደሆነ ጻፈ። 12ኛው ጨከነበት። ራስ ከጠቅላላው ቆዳ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ከድርሻው ብዙም አልፎ እንደማያወጣ አስረድቶ ሲያበቃ፣ ያላነበቡትን ከመጻፍ ማንበብ እንደሚሻል ጨመረለት። 13ኛዋ ደግሞ 12ኛውን፣ እውቀቱ ጥሩ ሆኖ አፉ መጥፎ እንደሆነ ነገረችው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

14ኛው የፊዚክስ መምህር ነው። የጋሼን ጄሪካን አንብቦ ደስ ስላለው ብቻ እንደገባ ጽፏል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ ያሳዩታል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ከጨርቁ ውሃ እየተነነ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ይላል፤ ወበቅ ከሆነ አይወርድም። ያ የረጠበ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ካሳየ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ራቁቱን ቢቀመጥ፣ ውሃም እንደልቡ ቢጠጣ፣ ለጥቂት ሰዓት እንጂ አይቋቋመውም። ቆዳችን ራሱ 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም። ሰውየው እዚህ ላይ አቆመ። መምህር ሲሆን ሁልጊዜ የማይሆን ነገር ነው።

የአክስቴን ሻይ ግን እስካሁን ማንም አልነካም። 15ኛው፣ ሐረማያ የሚማር ልጅ፣ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነዋል። ሰዎችን ብስክሌት እያስነዱ የተለያየ ሙቀት ያለው ውሃ አጠጧቸው። በ50 ዲግሪ ውሃ የጠጡ ጊዜ ሰውነታቸው ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ቀዝቃዛ ከጠጡበት ያነሰ ሆነ። ምክንያቱም ሙቁ ውሃ የላባቸውን መጠን የሚጨምረው ራሱ ካመጣው ሙቀት በላይ ነው። ልጁ አንድ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ላቡ የሚተንበት ደረቅ አየርና ነፋስ መኖር አለበት፣ ልብሱም ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ድርያ፣ ሽርጥ፣ የደጃፍ ነፋስ። አክስቴ ሁሉን አሟልታ ነበር የተቀመጠችው። እኔ ጂንስ ለብሻለሁ።

16ኛው የድሬ ተወላጅ ደሙ ቀጭን ስለሆነ ሙቀት እንደማይነካው፣ ይህ ደግሞ የዘር ጉዳይ እንደሆነ በኩራት ጻፈ። ሲስተር 17ኛ ሆና ተመለሰች። ይህን በትህትና ነው ያረመችው። ማንም ጤነኛ ሰው ሙቀት አገር ገብቶ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ሰውነቱ ይለመድለታል። ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ጨዉ ግን ይቀንሳል፤ ሰውነት ጨዉን መልሶ ማስቀረት ይማራል። ትቶት ከሄደ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ተምሮ የመጣ የድሬ ልጅ እንደ ፈረንጅ ጥላ ለጥላ የሚሄደው ደሙ ወፍሮ እንዳልሆነ ጠቆም አድርጋ አለፈች።

18ኛው ምስክር ሆነላት። ከደብረ ብርሃን ለሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀርባው ላይ ነጭ ካርታ ይሳላል። ዳሩ የተጠማዘዘ፣ መሀሉ ደሴት ያለው። የሥራ ባልደረቦቹ የየትኛው አገር ካርታ እንደሆነ ይወራረዱበት ነበር። ጨው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ያው ሸሚዝ እንደረጠበ ይውላል እንጂ ካርታው ጠፋ። ያኔ አሁንስ የድሬ ሰው እንደሆነ አክብረው ቡና ጋበዙት።

እስከዚህ ሰላም ነበር። 19ኛው ምክር ይዞ መጣ። ፀሐይ የመታው ልጅ ካለ ፓራሲታሞል ሰጥቶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ በር ዘግቶ ማላብ ነው አለ። ሲስተር 20ኛውን ስትጽፍ ትህትናዋን ቤት ትታ ነው የመጣችው። ይህ ምክር ሰው እንደሚገድል በግልጽ ጻፈች። ትኩሳትና የፀሐይ ምት አንድ አይደሉም። ትኩሳት ሲሆን አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ራሱ ከፍ ብሎ ተሞልቷል፤ ፓራሲታሞል ያንን ዝቅ ያደርጋል። ፀሐይ የመታው ሰው ግን መቆጣጠሪያው ደህና ነው፤ ሰውነቱ ነው ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት የተሸነፈ። ክኒኑ ምንም አይፈይድም። ጥላ ማግባት፣ ልብስ ማላላት፣ ገላውን በውሃ ማርጠብ፣ ማራገብ። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ከወደቀ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት። ጋቢ ማለት ጆንያውን በላስቲክ መጠቅለል ነው ብላ የጋሼን ጄሪካን አነሳች። ላቡ ብዙ ለፈሰሰ፣ ንቃቱ ላልተነካ ሰው ደግሞ ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ዱቄቱ) ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም፣ አንጀት ጨዉን ይዞ እንዲገባ በር የሚከፍተው እሱ ነው።

21ኛው ለ19ኛው ተቆጣ። አያቱ ዘጠኝ ልጅ በዳማከሴ እንዳሳደጉ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ባህል መናቅ እንደሚወድ ጻፈ። 22ኛዋ ገላጋይ ሆና ሲስተር ዳማከሴ የሚል ቃል አለማንሳቷን አስታወሰችው። ምች ስንል አንዴ የከንፈር ቁስል፣ አንዴ ትኩሳት፣ አንዴ ራስ ምታት እንደምንል፣ መድኃኒቱም የተደባለቀው በዚህ እንደሆነ ጨመረች። በእኔ አስተያየት ከክሩ ሁሉ ብልኋ እሷ ናት። ሲስተር በ23ኛው ለዘብ ብላ አንድ ነገር ብቻ አከለች። ድሬ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጉ እዚህ ከተማ ውስጥ መግባቱ ተረጋግጧል። አጥንት የሚሰብር ትኩሳት ሲሆን ሳይመረመሩ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ የመድማትን አደጋ ይጨምራል። ትንኟ ቀን ቀን ትነድፋለች፣ የምትራባውም ክዳን በሌለው በርሜላችን ውስጥ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ የግቢያችንን በርሜል ከደንኩ።

24ኛው የሺኒሌ ልጅ ነው። ከመሀል አንዱ ግመል ሻኛዋ ውስጥ ውሃ ትይዛለች ብሎ አስተያየቱን በኋላ ሰርዞት ነበር፤ ልጁ ግን አይቶታል፣ አልማረውም። ሻኛ ስብ ነው። የግመል ጥበቧ ሌላ ነው። ውሃ ሲያጥራት ገላዋ ጠዋት 34 ዲግሪ አካባቢ ይሆንና ከሰዓት በኋላ 40 እስኪያልፍ ትተወዋለች። ላብ አታባክንም፤ የቀኑን ሙቀት አጠራቅማ ሌሊት በብርዱ ትለቀዋለች። እኛ በዚያ ልክ ብንዋዥቅ የምንተርፍ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰው ላቡን ይከፍላል፣ ግመል ዱቤ ትወስዳለች ብሎ ዘጋው። ባለሱቅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይህች አነጋገር ገባችኝ።

25ኛው ነገሩን ወደ ጥንት ወሰደው። ከድሬ በስተደቡብ ገደሉ ላይ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ያዩት፣ በ1933 ቁፋሮ የሰው መንጋጋ ስባሪ የተገኘበት ነው። እዚያ የኖሩት አዳኞች በዚህ ሐሩር መሮጥ የቻሉት ፀጉራቸው ሳስቶ ላባቸው ስለበዛ እንደሆነ ጻፈ፤ ከቺምፓንዚ ጋር ሲነጻጸር ሰው በአንድ ስፋት ቆዳ ላይ ያለው የላብ ዕጢ 10 እጥፍ ያህል ነው። ቺምፓንዚ የሚለው ቃል ሲነሳ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። 26ኛው ተቆጣ፣ 27ኛው 26ኛውን አላዋቂ አለው፣ ከዚያ ሃይማኖትና ቤተሰብ ሳይቀር ተነካ። 28ኛው የመድረኩ ኃላፊ ነው። ሁለት አንቀጽ አጥፍቶ፣ የፈለገ ሰው ላቡን የፈጣሪ ሥራ ነው ብሎም ቢሆን ሳይጠርግ መቀመጥ እንደሚችል ጽፎ ሄደ።

29ኛዋ በትንሽ ድምፅ ስለ ጠረን ጠየቀች። መልሱ እዚያው ተሰጥቷታል፤ ላብ ራሱ አይሸትም፣ ብብት ውስጥ የሚወጣውን ወፍራሙን ላብ ባክቴሪያ ሲበላው ነው። 30ኛው ታይዋን ገበያ ቬንትሌተር ስንት እንደገባ ጠየቀ። ለዚህ አምስት ሰው በግል መልስ ሰጥቶታል፣ ለጠረኗ ልጅ ግን አንድ።

31ኛው ላይ ጋሼ ፎቶ ለጠፉ። ጄሪካኑ ነው። ጆንያው ጠቁሯል፣ ስፌቱ አንድ ጎኑ ላይ በሰማያዊ ሲባጎ ተጠግኗል፣ ከሥሩ አንዲት የውሃ ጠብታ ልትወድቅ ስትል ተይዛለች። መኪናውን ከሸጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጄሪካኑን ግን አልሸጡም፤ አሁን የሚንጠለጠለው በረንዳቸው ላይ ነው።

32ኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሁለት ሃይላንድ ከአንድ ቧንቧ ቀዳሁ። አንዱን እንዳለ ሰቀልኩት። ሌላውን ካልሲ አለበስኩትና በውሃ አራስኩት። ሁለቱም ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚመጣበት በኩል። በሰዓት ተኩል ውስጥ ካልሲውን ሁለቴ አረጠብኩ። ስነካቸው ካልሲ ያልለበሰው ለብ ብሏል፣ ካልሲ የለበሰው ከቧንቧ ከወጣበትም ቀዝቅዟል። አክስቴን ዓይኗን አስጨፍኜ ከሁለቱም አጠጣኋት። ከካልሲው የወጣውን ስትቀምስ ከየትኛው ፍሪጅ እንዳወጣሁት ጠየቀችኝ። ስነግራት ድሮ እናቷ እንስራውን ከነፋስ ፊት የምታስቀምጠው ለዚህ እንደነበር ነግራኝ፣ ሻይዋን ቀዳች። ይህን ሁሉ እንዳለ ጻፍኩት።

33ኛው መምህሩ ነው። በእጅ መንካት መለኪያ እንዳልሆነ፣ ቴርሞሜትር ሊያውሰኝ እንደሚችል ጻፈልኝ። ሰኞ እወስዳለሁ።

34ኛው 4ኛው ነው፤ ባለበርጫው። ያን ሁሉ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፣ ካልሲው ታጥቦ እንደነበር።

ታጥቧል፣ ወላሂ።